የውሰት ወታደር

ጥቅምት 4
ከክፍለ ጦሩ መምሪያ

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዛሬም መርፌ ላይ ክር ለመሰካት መነጽር አያስፈልገኝም እያልሽ ትዋሺያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ከመሆኔ የተነሳ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ብርጋዴር ጄኔራል ነኝ።

ወሬው እውነት ነው ወይ ላልሽው መልሱ ይኸው። ማስረጃውም በሹፌሬ እጅ የላክሁልሽ ኮት ነው። አዲሱ የትከሻ ማዕረግ በወረቀት ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ አለልሽ። እዚህ ያለው የጦሩ ልብስ ሰፊ ማዕረግ የሚሰፋው ጆንያ እንደሚዘጋ ሰው ነው። ከምክትል መቶ አለቃነቴ ጀምሮ ትከሻዬን የነካ መርፌ ያንቺ ብቻ ስለሆነ፣ አሁን በስተርጅና ለሌላ እጅ አልሰጥም።

እንዴት ተሾምክ ላልሽው፣ በጀግንነት ብልሽ ደስ ባለኝ። ነገር ግን አዝሎ ያሳደገን ሰው መዋሸት ይከብዳል። እኔ የተሾምሁት በኖራ ነው። መቶ አለቃ ሳለሁ በካምፑ መንገድ ዳር ያሉትን ድንጋዮች በሙሉ ኖራ አስቀባሁ፤ ጎብኚዎቹ "ንቁ መኮንን" አሉኝና ሻምበል ሆንሁ። ሻምበል ሳለሁ የዛፎቹን ግንድ አስቀባሁ፤ ሻለቃ ሆንሁ። ከዚያ በላይ የሚቀባ ነገር ሲጠፋ ሰው መዋስ ጀመርሁ።

ይህን ላስረዳሽ። እዚህ አገር ሙሉ ሰው ያለው አዛዥ የለም። አንዱ ታሟል፣ አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱ የአለቃውን ቤት ይጠብቃል፣ አንዱ ከሞተ ቆይቷል፤ ግን የበላይን ላለማስቀየም ሲባል አልተነገረም። ስለዚህ የበላይ አካል ሊጎበኝ ሲመጣ ከጎረቤት ጦር ሰው እንዋሳለን፣ ሰርግ ያለበት ቤት ወንበር እንደሚዋሰው። ጉብኝቱ ሲያልቅ እንመልሳለን። የኔ ጎረቤት ሳቂታው ኮሎኔል ነው፤ ስልክ እንኳ ጥርሱን ሳያሳይ አያነሳም። ባለፈው ሳምንት ግማሽ ጦሩን አዋሰኝ፣ ሚኒስትሩ በሙሉ ክፍለ ጦር ፊት አለፉ፣ እኔም ጄኔራል ሆንሁ።

ልጅሽ ቀጮ ደህና ነው። ኮረብታው ላይ ባለው ምሽግ ሬዲዮ ይዞ ተቀምጧል። በጉብኝቱ ቀን ከውሰቱም በኋላ ሰው ስላነሰን ሦስት ቦታ አሰለፍሁት፤ ሚኒስትሩም ሦስት ጊዜ ጨበጡት። በሦስተኛው እጁን እንደያዙ ቆዩና "የት ነው የማውቅህ?" አሉት። ቀጮ ቅንጣት ሳይደነግጥ "በሠራዊቱ ውስጥ ነው ክቡር ሚኒስትር" አላቸው። ከኔ ይልቅ ለጄኔራልነት የተፈጠረው እሱ ነው።

ኮቱን ቶሎ ላኪልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ይድረስ ለብርጋዴሩ፤

ኮትህ ይኸውልህ። ማዕረጉን በድርብ ክር፣ ክሩን በሰም አሽቼ፣ እስከ ገበሩ ድረስ አዝልቄ ሰፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ ኮቱ ይቀደዳል እንጂ ማዕረጉ አይነቀልም። የግራ ትከሻህ ዝቅ እንደሚል ስለማውቅ ከውስጥ ትንሽ ጥጥ ጨመርኩበት። ለሚኒስትርህ አትንገር፤ እሱም ያው የውሰት ትከሻ ነው።

ሰፈሩ ምን አለ ላልከኝ፣ መኪናህ መስኮቴ ስር ሲቆም ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ያቺ የልጇን ዩኒፎርም አሰፍታ ሳትወስድ የከረመችው ጎረቤቴ እንኳ እንኳን ደስ ያለሽ ልትለኝ መጣች። ዩኒፎርሙን ግን አሁንም ጥላው ሄደች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ስለ ወንበር የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ወንበር ሳውስ ነው የኖርኩት። ሰርግ ባለቀ ቁጥር አንድ ወንበር ይጎድላል፤ የሚጎድለውም ሁልጊዜ የኔ ነው። ስጠይቅ የተዋሰኝ ሰው "እዚያ ጋ ነበር" ይለኛል፣ እዚያ ጋ ያለው ደግሞ "እኛ ጋ አልመጣም" ይለኛል። በመጨረሻ ቆሜ የምሰፋው እኔ ነኝ።

ኮረብታውን ለናንተ ብቻ ሊተዉት እንደሆነ ሹፌርህ ነግሮኛል፤ ልጄን ከዚያ አውርድልኝ። ያለሱ ማንም የለኝም። እናታችን ስትሞት አንተን በጀርባዬ አዝዬ ነው ይህን የስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩት። ያደረግኩልህን አስታውሼህ አላውቅም፤ ይኸው አሁን አስታወስኩህ። ጄኔራል ሆነህ አንድ ቀጭን ልጅ ከአንድ ኮረብታ ማውረድ ካቃተህ ያንን ማዕረግ በከንቱ ነው የሰፋሁት። የት እንደምታኖረው አላውቅም። ቢሮ ይሁን፣ ወጥ ቤት ይሁን፣ ሰልፍ ሜዳ ይሁን፤ ከኮረብታው ላይ ብቻ አውርድልኝ።

እህትህ


ኅዳር 2
ከክፍለ ጦሩ መምሪያ

እታለም፤

ቁጣሽ ደርሶኛል። ሹፌሬ ደብዳቤሽን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ስለሮጠ ጮክ ብለሽ እንዳነበብሽለት ገምቻለሁ።

ከሹፌሩ የሰማሽው ሁሉ እውነት ነው። ጠቅላይ መምሪያው በጉብኝቱ እጅግ ከመደሰቱ የተነሳ "እንዲህ ሰው የሞላው ክፍለ ጦር ኮረብታውን ብቻውን ይይዛል" ብሎ ወስኗል። በወረቀት ላይ ያለው ክፍለ ጦሬ በእርግጥም ይይዘዋል። ኮረብታው ላይ ያለው ግን፣ እንዴት ልበልሽ፣ ከወረቀቱ ይቀጥናል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጠላትም የሩቅ መነጽር አለው።

እውነቱን ልጻፍላቸው ብዬ ብዕር አነሳሁ። የስታፍ ኃላፊዬ፣ ዐዋቂ ሰው ነው፣ በሩን ዘጋና ቀረብ አለኝ።

"ጌታዬ፣ ሰው የለንም ካሉ ሚኒስትሩ ማንን ነው የጨበጡት?"

 በዚያው ብዕር "ዝግጁ ነን" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

አሁን ደግሞ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ቀጮን አወረድሁት። ሰሞኑን ተረኛው ተጎብኚ ሳቂታው ነው፤ እሱም በተራው ሰው አውሰኝ አለኝ። ከማውሰው ሰው መጀመሪያ ላይ ልጅሽን አደረግሁት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሰልፍ ጫማውን ወልውሎ፣ ከሙዚቃ ጓዱ አጠገብ ይቆማል። እዚያ የሚያስፈራው ነገር ቢኖር ትልቁ ከበሮ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅም ለመመለስ አትቸኩል ብዬዋለሁ ለሳቂታው። እሱም "እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዘው" አለኝ፣ ጥርሱን እያሳየ።

ቀጮ ሲሄድ ደስ አላለውም። ጓደኞቼን ትቼ እንዴት ብሎ አኮረፈ። እናትህ ናት ያለችው ስለው ሬዲዮውን ለጓደኛው አስረከበና መኪና ላይ ወጣ። ሰልፍ ሜዳ ይሁን ብለሽ የለ? ይኸው ሰልፍ ሜዳ። አሁን አርፈሽ ተኚ።

ወንድምሽ


ኅዳር 23

ወንድሜ፤

ቀጮን ስላወረድክልኝ ያመሰገንኩበት ደብዳቤ ደርሶህ እንደሆነ አላወቅኩም። መልስ የለም፣ ሹፌርህም አልመጣም።

ሬዲዮ ሰማሽ ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ሰምቻለሁ። ጦራችን በዕቅዱ መሠረት ከኮረብታው ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሯል ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ ሸንተረሩ ላይ በተደረገው ማጥቃት ድል ተገኝቷል፣ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለም ተባለ። ከዚያ ዘፈን ተለቀቀ። ሰፈሩ ደስ ብሎታል።

እኔም ልጄ ኮረብታው ላይ ስላልነበረ ደስ አለኝ። ከዚያ ልጆቻቸው እዚያ የነበሩትን እናቶች አሰብኩና ለራሴ አፈርኩ። የስፌት መኪናዬን መርገጤን ቀጠልኩ።

ሁለት መስመር ብቻ ጻፍልኝ። አንዱ ስለ አንተ፣ አንዱ ስለ እሱ። ወረቀት ካጠረህ ስለ አንተ የሚለው ይቅር።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

ይህን ደብዳቤ ከእህቴ አስቀድመው ለሚያነቡት ክቡር መኮንን የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያስቸግርዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እታለም፤

የት ነህ ላልሽው፣ እንግዳ ማረፊያ ነኝ። እንግዳ መሆኔን የማውቀው በሩ በውጭ በኩል ስለሚቆለፍ ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው። አልጋ አለኝ፣ ጠረጴዛ አለኝ፣ መስኮት አለኝ። መስኮቱ የሚያየው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ድንጋዮች በሙሉ ኖራ ተቀብተዋል። ማን አስቀባቸው ብዬ ጠየቅሁ፤ አንድ መቶ አለቃ ነው አሉኝ። ሩቅ ይሄዳል።

ተባረርክ ወይ ላልሽው፣ እኔ አልተባረርሁም። በጤና ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ተሰናብቻለሁ። መታመሜንም ሆነ መፍቀዴን የሰማሁት አንቺ በሰማሽበት ሰዓት፣ ከዚያው ሬዲዮ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ያማረ ነበር። ትእዛዙን ያነበበው የስታፍ ኃላፊዬ ነው፤ ጥሩ ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማዕረጌን ሊነቅል አንድ ወጣት መኮንን መቀስ ይዞ ቀረበ። ሞከረ። አላበው። ሌላ መቀስ እንዲመጣለት ተላከ። ሰልፈኛው ፊት ለፊት እያየ ይጠብቃል። መኮንኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ማን ነው የሰፋው?" አለኝ። እህቴ ናት አልሁት። በመጨረሻ ከነጨርቁ ተቀደደ። የግራው ትከሻ ጥጥ ወጣና ነፋስ ይዞት ሄደ፤ ሰልፈኛው በዓይኑ ሸኘው። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰልፎች ሁሉ አንድም የውሰት ሰው ያልነበረበት ይኸኛው ነው። የኔን ውርደት ለማየት ሁሉም በራሱ ሰው ሞልቶ መጣ።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ላልሽው፣ ሙሉ ክፍለ ጦር ይዤ ኮረብታ ማስረከቤ ነው። አጣሪ ኮሚቴው ሁለት መንገድ አሳይቶኛል። ፈራሁ ካልሁ ጡረታ አለኝ። ሰው አልነበረኝም ካልሁ ግን ሚኒስትሩን ያታለልሁ ሐሰተኛ ነኝና እስር ነው። እስካሁን ፈሪ ነኝ። ሳቂታው ሸንተረሩን ስለያዘ በኔ ቦታ ተሹሟል።

የቀጮን ነገር በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ለሚያነቡት ሰው፤ እኔም ሰላም ብዬዎታለሁ። ልጅ ካለዎት ይደግልዎት።

ወንድሜ፤

አልጋህን ነገርከኝ፣ መስኮትህን ነገርከኝ፣ መቀሱን ነገርከኝ። ብርዱ እንዴት ነው አልከኝ። ብርዱ ደህና ነው። ልጄስ?

የት የት ሄድሽ ላልከኝ፣ ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ጠቅላይ መምሪያው በር ላይ ያለው መስኮት ጋ ቆምኩ። ጸሐፊው ትሑት ነው፤ እናቴ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ልጅሽ የወንድምሽ ክፍለ ጦር አባል ነው፣ ያ ክፍለ ጦር ደግሞ ጉዳት አልደረሰበትም፣ ስለዚህ ልጅሽ አለ አለኝ። እንግዲያው ጥራልኝ አልኩት። ያለ ሰው ለጠያቂ አይጠራም አለኝ። ከዚያ ወደ ሳቂታው ቢሮ ሄድኩ። እነሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው የኛ ሆኖ አያውቅም፣ እኛ ጋ አልመጣም አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ወንበሬ የታወሰኝ።

ሳቂታው አልመለሰውም አይደል?

ደደብ አይደለሁም። አዋስኩት ብለህ ብትናገር እንደምትታሰር ገብቶኛል። ካልተናገርክ ደግሞ ልጄን የወሰደው የለም፣ ያጣው የለም፣ የሚጠየቅበትም የለም። ስለዚህ የምለምንህ ቁርጡን ነው። ካለ አለ በለኝ። ከሌለ የለም በለኝና ልቀመጥለት፣ ሰው ይምጣልኝ። ለማልቀስ እንኳ ፈቃድ አጥቻለሁ። አለ ስለተባልኩ ሸሚዙን እያጠብኩ እተኩሳለሁ፤ አጥፌ አስቀምጥና ሳይለብሰው ቆሸሸ ብዬ እንደገና አጥበዋለሁ።

እህትህ


ጥር 4

ክቡር አንባቢ፤ ጥቁር ቀለምዎን ያዘጋጁ። ለማጥፋት ብዙ ሥራ ይኖርብዎታል።

እታለም፤

ልጅሽ ሞቷል።

ዕድሜዬን በሙሉ ሪፖርት ስጽፍ ኖሬ እንዲህ አጭር ነገር ጽፌ አላውቅም።

የሳቂታው ጉብኝት አምሮ ነበር። ከመጠን በላይ አማረ። እንግዶቹ ሰልፉን አይተው እንዲህ ያለ ጦር እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም አሉ፤ እዚያው ሜዳው ላይ፣ ሙዚቃው ሳይቆም፣ ሸንተረሩን እንዲያጠቃ አዘዙት። ሳቂታው ግማሹ የኔ አይደለም ማለት አልቻለም፤ ማንን ጨበጥን ይሉታል። የራሱን ሰው ደግሞ አስፈጅቶ ለሚቀጥለው ጉብኝት ምን ያሳያል? የውሰቶቹን ከፊት አደረጋቸው። በሰልፍ ጫማቸው ነው የሄዱት።

ደውሎ ነገረኝ። ከልማድ የተነሳ እየሳቀ ጀመረ፣ ማቆም አቃተውና እየሳቀ ጨረሰ። "ይቅርታ፣ ያዋስከኝን መመለስ አልቻልኩም" አለኝ።

ይህን ከሌላ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። ኮረብታው ላይ የቀሩት የቀጮ ጓደኞች ጠላት ወንዙን ተሻግሮ ሲመጣ ሸሹ፤ አብዛኞቹ ተርፈዋል። ሬዲዮውን የተረከበው ልጅ በሕይወት አለ። ስለ መስኮቴ ስጽፍልሽ የነበረው ይህን ላለመጻፍ ነው። አውርደው ያልሽኝ አንቺ ነሽ ብለሽ ራስሽን ትበያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ አውርደው አልሽ እንጂ አውሰው አላልሽም።

ዛሬ አጣሪዎቹ ፊት ቀርቤ ሁሉንም ተናገርሁ። ኖራውን፣ ሰልፉን፣ ማን ከማን ስንት ሰው እንደተዋሰ፣ ልጅሽን ለማን እንደሰጠሁ። ሊቀመንበሩ፣ እሱም በጊዜው ከኔ ሰው የተዋሰ ነው፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ጄኔራል፣ ፈሪነቱ አይሻልዎትም?"

"ይሻለኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

"እህቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው" አልሁት።

ነገ ወደ ሌላ ቤት ያዛውሩኛል። መስኮት የለውም ብለውኛል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ስለ መስኮት አልጽፍልሽም።

ወንድምሽ


የካቲት 1

ወንድሜ፤

ደብዳቤህ አንድም ጥቁር መስመር ሳይኖርበት ደረሰኝ። ወይ አላነበቡትም፣ ወይ አንብበውታል። ለአንባቢው ሰላም በልልኝ።

ተቀመጥኩለት። ሰው መጣልኝ። ያቺ ጎረቤቴም መጥታ ከሁሉ በላይ አለቀሰች፣ ስትሄድም ዩኒፎርሙን ወሰደች። ወንበር አልበቃ ስላለኝ ከጎረቤት ተዋስኩ። ሲያልቅ ሁሉንም ራሴ ተሸክሜ፣ በየቤቱ አንኳኩቼ መለስኩ።

እነሱ ምን አሉሽ ላልከኝ፣ ቃልህን ሰጥተህ ምን እንደሆነ እንጃ። ሬዲዮው አላወራም። ያ ጸሐፊ ግን አሁን ሲያየኝ መስኮቱን ይዘጋል። አለ ማለቱን ትቷል።

ባለፈው የድሮ ሹፌርህ መጣ። መኪናው ያው ነው፣ ጌታው ተለውጧል። በእጁ ኮት ይዟል። ሳቂታው ለሹመቱ በዓል ሊለብሰው ነው፤ ያንቺ ስፌት እንደማይነቀል ሰምተዋል፣ አሳምረሽ ስፊልኝ ብለውሻል አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ኮቱን ተቀበልኩት። ጨርቁ ጥሩ ነው። ትከሻው እኩል ነው፣ ጥጥ አይፈልግም። መቼ ልምጣ ሲለኝ እንዲህ በልልኝ አልኩት፤ "ኮቱን ተውሻለሁ። የተዋሰኝን ሲመልስ እመልስለታለሁ።" እንዳይሳሳት ሁለቴ አስደገምኩት። 

ቀጥሎ ሁለት ሰዎች መጡ። ኮቱ የት አለ ሲሉኝ በዕቅዱ መሠረት ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሯል አልኳቸው። ቤቱን በረበሩት፤ ጨርቄን በትነው፣ የቁልፍ ጣሳዬን ገልብጠው ሄዱ። እንደገና መምጣታቸው አይቀርም። ይምጡ። ሳቂታው በዓሉን በሰው ኮት ነው ያከበረው አሉ፤ ክንዱ ላይ አጥሮት።

ይቅር በዪኝ ማለትህ ከሆነ፣ አላልኩህም። ወደፊትም እንጃ። ግን ያንን የተቀደደ ኮትህን ላክልኝ። ማዕረግ ባይኖረውም እጥፈዋለሁ፤ መስኮት የሌለው ቤት ይበርዳል። ጥጡንም እመልስበታለሁ። የግራ ትከሻህ ዝቅ እንደሚል ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

እህትህ